የቀኑ የመጨረሻ ቁጥር የቱ ነው?

የዛሬው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው የሚኖርበትን ቤት ሁሉ ይመለከታልና እስከ ታች ድረስ አንብቡልኝ። ልጆቻችሁ ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ሆነው ጤናችሁን በስልክ የሚከታተሉላችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ጋዜጣውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው። ይህን ጽሑፍ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ይፈልጉታል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከተመዘገበ ነገር ውስጥ የየዕለቱን የመጨረሻ መዝገብ ብቻ ለይቶ ማውጣት። በደብተር ሲሆን ቀላል ነው። የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ገልጦ ያለብንን ሲነግረን የሚያየው የታችኛውን መስመር ነው። በመድኃኒት ቤትም ቢን ካርድ ላይ በቀን አሥር ጊዜ ገቢና ወጪ ቢጻፍ፣ ቀኑ ሲዘጋ የሚያዘው በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቀሪ ነው። እኛ ነርሶችም ተራ ስንቀያየር የበሽተኛውን ቻርት ተቀብለን መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ከታች ነው። ማንም አላስተማረንም፤ ወረቀት ላይ ታች ማለት መጨረሻ ማለት ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ ግን ታች የሚባል ነገር የለም። ይህንን ያስረዳኝ የኮምፒውተር ሰው ነው። መረጃ በብዛት የሚቀመጥበት ዳታቤዝ የሚባለው ነገር አሁን ያለውን መልክ የያዘው ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ሐሳብ ነው። በእርሱ ሐሳብ መሠረት መረጃ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ነገር ግን ረድፎቹ ተራ የላቸውም። በጆንያ ውስጥ እንዳለ እህል ናቸው፤ የትኛው ፍሬ መጀመሪያ እንደገባ ጆንያው አያውቅም። ከዚያ በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉ የዚያው ድርጅት ባለሙያዎች ከሠንጠረዡ መረጃ የሚጠየቅበትን ቋንቋ አወጡ። ዛሬ ኤስኪውኤል እየተባለ ከባንክ እስከ ሆስፒታል የሚሠራበት እርሱ ነው። እንግዲህ ጆንያውን «የየቀኑን መጨረሻ አምጣልኝ» ብለን ስንጠይቀው መጨረሻ ያልነው ምን እንደሆነ እኛ ራሳችን በግልጽ መናገር አለብን። ካልተናገርን የሆነ ነገር ያመጣልናል። ያመጣው ነገር ደግሞ ትክክለኛ ይመስላል።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ያየሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። አንኮበር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ለክትትል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ደብረ ብርሃን ሲመጡ እኔ ቤት ጎራ ይላሉ፤ ቡና ጠጥተን ነው ወደ ሐኪሙ የሚሄዱት። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው በቀን ሦስት ጊዜ ትለካቸዋለች፤ ማለዳ ምግብ ሳይቀምሱ 12፡30 ላይ፣ ከምሳ በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ 3፡30 ላይ። ዋሽንግተን የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ስልኳ ላይ ቁጥር የምታስገባበት ቅጽ ሠርቶላታል። እሷ ቁጥሩን ብቻ ትጽፋለች፤ ቀኑንና ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል።

ሐኪሙ የሁለት ሳምንት የመኝታ ሰዓት ልኬት አምጡ ብለዋቸው ነበር። የማታውን ኢንሱሊን መጨመር ያስፈልግ እንደሆነ ለማየት ነው። ልጁም ከዳታቤዙ የየቀኑን የመጨረሻ መዝገብ አውጥቶ በአንድ ገጽ ላከ፤ አሥራ አራት ቀን፣ አሥራ አራት መስመር። እዚሁ ደብረ ብርሃን አሳተሙትና ወደ ቀጠሮው ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ ይዘውት መጡ።

የማክሰኞው መስመር ሰዓት 23፡30፣ ስኳር 286 ይላል። 23፡30 በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 5፡30 ነው።

«እማማ፣ እስከዚህ ሰዓት ምን ያስመሽዎታል?» አልኳቸው።

«ኧረ ሲስተር! እኔ ከእራት በኋላ መች ዓይኔን እገልጣለሁ? አራት ሰዓት ሳይሞላ ነው የምተኛው» አሉኝ።

ልጅቱ ሳትናገር ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣች። ስልክ ላይ ከማስገባቷ በፊት ሁልጊዜ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። የማክሰኞ ገጽ ላይ ከምሳ በኋላ 286፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ 92 ይላል። ረቡዕ ማለዳ ደግሞ 151።

አሁን ልብ በሉልኝ። በወረቀቱ መሠረት እኒህ እናት ስኳራቸው 286 ሆኖ ነው የሚተኙት። ይህን ያየ ማንኛውም ሐኪም የማታውን ኢንሱሊን ከፍ ለማድረግ ያስባል፤ ማሰቡም ትክክል ነው። እውነቱ ግን 92 ሆነው ነው የተኙት። 92 ላይ ሆነው በተኙ አረጋዊ ሰው ላይ ኢንሱሊን ቢጨመር ሌሊት ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ይመጣል። ዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ምልክቱ ላይሰማው ይችላል፤ ቤተሰቡም በደህና የተኙ መስሎት ያልፋቸዋል። በዓይኔ ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። የወረቀት ስህተት ሌሊት ሰው ያሳጣል።

ልጁን ያኔውኑ ደወልንለትና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግነው። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «ቆይ ወንድም ጋሼ፣ 286ኮ የምሳው ነው» ብላ እህቱ ደብተሯን ስታነብለት ችግሩን አገኘው። ያስረዳንን እኔ በገባኝ መጠን እነግራችኋለሁ።

ኮምፒውተሩን የጠየቀው «ለየቀኑ ትልቁን ሰዓት ስጠኝ፣ ትልቁንም የስኳር ቁጥር ስጠኝ» ብሎ ነው። ትልቁ ሰዓት ማለት የመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ አብሮት የሚመጣው ቁጥርም የዚያው ሰዓት ይሆናል ብሎ ገምቷል። ኮምፒውተሩ ግን የታዘዘውን ነው የሠራው። ከአንዱ ረድፍ ትልቁን ሰዓት፣ ከሌላው ረድፍ ትልቁን ቁጥር ወስዶ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ያ መስመር በዓለም ላይ ሆኖ አያውቅም። በዚያ ሰዓት ያ ቁጥር አልተለካም። ከአንዱ ልጅ ራስ ከሌላው ልጅ እግር ወስዶ አንድ ፎቶ እንደ ማውጣት ነው።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው አለን። አንደኛው መንገድ በሁለት ደረጃ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ለየቀኑ የመጨረሻው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ብቻ ማግኘት፤ ከዚያ ያንን ቀንና ሰዓት ይዞ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ሙሉውን ረድፍ ማምጣት። ሁለተኛው ደግሞ «የየቀኑን መዝገቦች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው 1፣ 2፣ 3 እያልክ ቁጠራቸው፤ 1 የደረሳቸውን ረድፎች ብቻ ከነሙሉ አካላቸው አምጣልኝ» ማለት ነው። ይህ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የቋንቋው ደረጃ ውስጥ ገብቷል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዳታቤዝ ግን የተቀበለው በ2018 ነው። በሁለቱም መንገድ ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ረድፍ አይቆራረጥም። ሰዓቱ፣ ቁጥሩና ማስታወሻው አብረው ገብተዋልና አብረው ይወጣሉ።

ልጁ ወዲያው አስተካክሎ አዲስ ዝርዝር ላከ። የማክሰኞው መስመር ተለወጠ። አሁን ሰዓት 23፡30፣ ስኳር 151 ይላል።

ልጅቱ ደብተሯን አየች፣ እኔም አየሁ። አሁንም 92 አይደለም። ሰዓቱም ያው ሌሊት 5፡30 ነው። 151 የረቡዕ ማለዳ ልኬት ነው። የረቡዕ ማለዳ እንዴት ወደ ማክሰኞ ገባ?

እዚህ ላይ ነው እኔ እንኳ የገረመኝ ነገር ያለው። ልጁ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው በዋሽንግተን ሰዓት ነው። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። አንኮበር ላይ ረቡዕ ማለዳ 12፡30 ሲሆን ዋሽንግተን ገና ማክሰኞ ሌሊት 5፡30 ነው፤ በእነሱ አጻጻፍ 23፡30። ስለዚህ ለልጁ ኮምፒውተር የእናቱ የረቡዕ ማለዳ ልኬት የማክሰኞ የመጨረሻ መዝገብ ነው። አልዋሸም። የዋሽንግተንን ማክሰኞ ነው የነገረን። እናትየው ግን የሚኖሩት አንኮበር ነው።

የቀኑን ድንበር ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ሲያዞረው ሦስተኛው ዝርዝር መጣ፤ ማክሰኞ፣ 21፡30፣ ስኳር 92። በእኛ አቆጣጠር ማታ 3፡30። ከደብተሩ ጋር ገጠመ። አሥራ አራቱንም ቀን አንድ በአንድ ከደብተሩ ጋር አስተያይተን ነው ወደ ሐኪሙ የሄዱት። ሐኪሙም ዝርዝሩን አይተው የማታውን ኢንሱሊን ሳይነኩ ስለ ምሳው ምግብ ነው የመከሯቸው። ከፍ ያለው የምሳው ነበራ!

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር «ቀን» የሚለው ቃል ራሱ ስምምነት መሆኑን ነው። በስልካችን ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። ብዙ የኮምፒውተር አገልግሎቶች ደግሞ ሁሉንም ነገር የሚያስቀምጡት ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መለኪያ ሰዓት ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ቀን የሚለወጠው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ የሚጀምረው ከንጋት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለተለካ ነገር ቀኑን ብትጠይቁን «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ» እንላለን። ቋንቋችን ድንበሩ የት ላይ እንደሚያከራክር አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ኮምፒውተር ግን «ለረቡዕ አጥቢያ» የሚል ሳጥን የለውም፤ ወይ ማክሰኞ ነው ወይ ረቡዕ።

በሥራ ዓለም ድንበሩን ተነጋግሮ መወሰን አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የዝናብ መጠን የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ሳይከፈል በአንድ ንባብ እንዲገባ ያስችላል። በጤና ተቋማት የወሩ ሪፖርት የሚዘጋው በወር መጨረሻ ሳይሆን በ20 ነው፤ ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ሪፖርት ጳጉሜን ይዞ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው የመስከረምን ቁጥር አይቶ በሽታ ጨመረ ሊል ይችላል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ ሁለት የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ካስገባ በኋላም ድንበሩ አልተቀየረም። ማሽኑ ነው ለእኛ አቆጣጠር እንዲመች የተስተካከለው። እንዲህ ነው መሆን ያለበት።

ለቤታችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ ቀላል ዘዴ አላቸው። ቀኑ ከንጋት 12 ሰዓት እንዲጀምር ከፈለጉ ከእያንዳንዱ መዝገብ ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ቀንሰው ከዚያ ቀኑን ማስላት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሌሊት 8 ሰዓት የተለካው ካለፈው ቀን ጋር ይሄዳል። የውጭ አገር ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። አሜሪካ በኅዳር ወር አካባቢ ሰዓቷን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ያን ጊዜ የ7 ሰዓቱ ልዩነት 8 ይሆናል። እኛ ሰዓታችንን አንነካም። «ሰባት ሰዓት ጨምሬበታለሁ» ብሎ የተወ ሰው ከኅዳር ጀምሮ እንደገና ይሳሳታል። በቁጥር ከመጨመር ይልቅ ኮምፒውተሩን የአዲስ አበባ ሰዓት ተጠቀም ብሎ ማዘዝ ይሻላል።

ሰዓቱን ኮምፒውተር ሳይሆን ሰው የሚያስገባበት ቤት ካለ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በእኛ አቆጣጠር የመኝታውን 3፡30፣ የከሰዓቱን 9፡00፣ የማለዳውን 12፡30 ብላችሁ ብታስገቡ ኮምፒውተሩ 3፡30ን ሌሊት፣ 9፡00ን ጠዋት፣ 12፡30ን እኩለ ቀን ብሎ ያነበዋል። ውጤቱን እዩት፤ የመኝታው የቀኑ መጀመሪያ፣ የማለዳው የቀኑ መጨረሻ ሆነ። ቀኑ ተገለበጠ! አንድም ቁጥር ግን አልተሳሳተም። ስለዚህ በቤት ውስጥ አንድ አቆጣጠር ምረጡ፤ ለልጆቻችሁም የትኛውን እንደመረጣችሁ በግልጽ ንገሯቸው።

ሁለተኛው ትምህርት መጨረሻ የተባለው ሁሉ የምንፈልገው አለመሆኑ ነው። ሐኪሙ የጠየቁት የመኝታውን ልኬት ነበር፤ ልጁ ግን «የመኝታው» የሚለውን «የመጨረሻው» ብሎ ተረጎመው። አብዛኛውን ቀን ሁለቱ አንድ ናቸው። ማታ ሳይለኩ የተኙ ቀን ግን የቀኑ የመጨረሻ መዝገብ የምሳው ይሆናል፤ በዝርዝሩም ላይ መኝታ መስሎ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ቀን ትክክለኛው መልስ «አልተለካም» ነው። ባዶ ቦታ አያሳፍርም። ቦታውን በሌላ ቁጥር መሙላት ነው የሚያስፈራው። ፈጽሞ ያልተለካበት ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩ መስመሩን ጭራሹን አያወጣውም፤ ስለዚህ አሥራ አራት ቀን ስትጠብቁ አሥራ አራት መስመር መኖሩን ቁጠሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲመዘገብ «ማለዳ»፣ «ከምሳ በኋላ»፣ «መኝታ» የሚል ምልክት አብሮ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከሰዓት እየገመተ አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሁሉም የጤና ቁጥር በመጨረሻው አይለካም። እዚህ ላይ ነርስነቴ ይናገር። የደም ግፊት በቤት ሲለካ ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ ለሰባት ቀን ይለካል። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን ይተውና የቀሩት ይደመሩና አማካያቸው ይወሰዳል። አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። እዚህ ላይ የየቀኑን የመጨረሻ ብቻ መምረጥ አብዛኛውን መጣል ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ማታ የተነበበው 5 ቢሆንም ቀን ላይ ወደ በረዶ ወርዶ ከነበረ ክትባቱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ነው የሚታየው። የበሽተኛ የሚጠጣውና የሚሸናው የ24 ሰዓት ድምር ነው። የሚወስደው የመድኃኒት መጠን ግን በእርግጥ የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። ልጃችሁ «ምን ላውጣላችሁ?» ሲል የመጨረሻውን፣ ዝቅተኛውን፣ አማካዩን ወይስ ድምሩን እንደምትፈልጉ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ንገሩት። ስኳር ለሚወርድባቸው ሰዎች ለምሳሌ የቀኑ ዝቅተኛ ቁጥር ከመጨረሻው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ልጅቱ አንዳንዴ በስህተት 920 ብላ ታስገባና ወዲያው 92 ብላ ደግማ ታስገባለች። ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን በደቂቃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የትኛው መጨረሻ ነው? ወይ ሁለቱንም ያመጣል፣ ወይ አንዱን እንደመጣለት ያመጣል። ለዚህ መዝገቦቹ ሲገቡ ተከታታይ ቁጥር እንዲሰጣቸው ይደረግና ሰዓታቸው እኩል ሲሆን ትልቁ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይወሰዳል። እኛ በወረቀት ዘመን ለዚህ ደንብ ነበረን። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ጎኑ ላይ ይፈረማል፤ አይፋቅም፣ ኮሬክሽን አይቀባም። ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ ሁለቱም ይታያሉ።

በቤታችሁ ለዛሬ የምመክራችሁ ይህን ነው። አንድ ደብተር ግዙና ገጹን በአራት ክፈሉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ እና «ማለዳ፣ ከምሳ በኋላ፣ መኝታ» የሚል ማስታወሻ። ስልክ ላይ ከማስገባታችሁ በፊት ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከኮምፒውተር የወጣ ዝርዝር ሲመጣላችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን መርጣችሁ ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ዝርዝሩን ለሐኪም አታሳዩ፤ ደብተሩን ውሰዱ። በዝርዝር ላይ ተመሥርታችሁ ደግሞ ኢንሱሊን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ ወይም እንዳትቀንሱ።

ስኳር ከ70 በታች ከወረደና ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልጨመረ ድገሙ፤ ከጨመረ በኋላ ደግሞ ቂጣም ሆነ እንጀራ የሚቀመስ ነገር ስጡ። ራሱን የሳተ ሰው ግን አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን ከቤቱ ልጆች አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይወቁት፤ ሌሊት ማን እንደሚነቃ አይታወቅም።

ለወጣቶቹ አንድ ቃል ልተው። ወላጆቻችሁን ከሩቅ ሆናችሁ መከታተላችሁ ትልቅ ነገር ነው። የአንኮበሩን ልጅ አመስግነነዋል እንጂ አልወቀስነውም፤ እሱ ባይኖር ሁለት ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ለመለካት ማንም አይበረታም ነበር። ነገር ግን ከእናታችሁ ቁጥር በፊት የእናታችሁን ቀን እወቁ። መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚተኙ ደውላችሁ ጠይቁ። እማማ የሚተኙት ከአራት ሰዓት በፊት መሆኑን የሚያውቅ ሰው 23፡30 የሚለውን ሲያይ ወዲያው ይነቃ ነበር። ለዚህ ዳታቤዝ አያስፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ግፊት መለኪያ መሣሪያዎችና ክንድ ላይ እንዴት እንደሚታሰሩ እንጫወታለን። እስከዚያው ቤታችሁን ሰላም፣ ሌሊታችሁን ደህና ያድርግላችሁ።